የ59 ለ 10ዋ እሑድ፦ ስለ ላማር ጃክሰንና ስለ ማያሚው ጨዋታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ያለን የሬቨንስ ደጋፊ ሀበሾች ስንገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ጨዋታ ላይ ያርፋል። ቡና ሲፈላም፣ ሠርግ ላይ ራት እስኪቀርብም ያው ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ገና መከታተል የጀመሩ ወዳጆቻችን ደግሞ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነገር ይጠይቁናል። እኔም በየጊዜው ከምደግመው አንዴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የትኛውን ጨዋታ ነው የምታወሩት?

ሴፕቴምበር 8 ቀን 2019 የተደረገውን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 3 ቀን 2011 ነበር፤ እሑድ፣ የሩፋኤል ዕለት። ዘመን ሊለወጥ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። የባልቲሞሩ ሬቨንስ ፍሎሪዳ ድረስ ወርዶ ማያሚ ዶልፊንስን በገዛ ሜዳው 59 ለ 10 ድባቅ መታው። የሊጉ፣ ማለትም የኤንኤፍኤል፣ የውድድር ዘመን ለሁለቱም የመጀመሪያ ጨዋታ ነው።

የሬቨንስ ኳርተርባክ ላማር ጃክሰን ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። 20 ኳስ ወረወረ፤ 17ቱ ተያዙለት። ኳሶቹ 324 ያርድ አስኬዱ፣ ወደ 296 ሜትር ማለት ነው። 5ቱ ተችዳውን ሆኑ፤ ኳሱ ተጋጣሚው የሚከላከለው የሜዳ ጫፍ ደረሰ ማለት ነው። አንድም ኳስ አልተነጠቀም።

እኛ ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ሲልቨር ስፕሪንግ አጎቴ ቤት ነበርን። ጨዋታው የጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። ነጠላችንን ሶፋው ላይ ጣል አድርገን ተቀመጥን። የአጎቴ ባለቤት አቦሉን ስትቀዳ 21 ለ 0 ሆኖ ነበር። በረካው ሲደርስ 42 ለ 10። ከዚያ በኋላ ቡናውን ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

ኳርተርባክ ምን ያደርጋል?

በእያንዳንዱ ሙከራ ኳሱ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ እጅ ነው። ከዚያ ሦስት መንገድ አለው። ለሯጩ ለራኒንግ ባክ ይሰጠዋል፣ ወደፊት ለሄደ ሪሲቨር ይወረውርለታል፣ ወይ ራሱ ይዞት ይሮጣል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየመጡ ነው።

እግር ኳስ የለመደ ሰው 10 ቁጥር ለባሹን አከፋፋይ ያስብ። ልዩነቱ የእግር ኳሱ አከፋፋይ ቀኑ ባይሆንለት ሌላው ሊሸፍንለት መቻሉ ነው። ኳርተርባክ ቀኑ ካልሆነለት የሚሸፍንለት የለም።

59 ለ 10 በእግር ኳስ ቢሆን ስንት ለስንት ነው?

ይህን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ቁጥሩ ሲታይ ቅርጫት ኳስ ይመስለዋል።

አንድ ተችዳውን 6 ነጥብ ነው፤ ተከትላ የምትመታዋ ምት 1 ትጨምራለች። ፊልድ ጎል፣ ኳሷ በእግር ተመትታ በምሰሶዎቹ መሃል ስታልፍ፣ 3 ነጥብ ነው። ሬቨንስ ያን ቀን 8 ተችዳውንና 1 ፊልድ ጎል አገባ። ማያሚ 1 ተችዳውንና 1 ፊልድ ጎል። ስለዚህ ቆጠራው 9 ለ 2 ነው ማለት ይቻላል።

ስሜቱን ለመረዳት ግን ጀርመን ብራዚልን በ2014 የዓለም ዋንጫ 7 ለ 1 ያሸነፈበትን ምሽት አስታውሱ። ያኔ በእረፍት 5 ለ 0 ነበር፤ ሰው ቴሌቪዥኑ የሚደጋግም መስሎት ዓይኑን ያሽ ነበር። እዚህም እንደዚያው ነው። ጨዋታው ያለቀው ከእረፍት በፊት ነው።

ላማር ሜዳ ላይ ያደረገውን ንገሩን፤ ቁጥሩን ሳይሆን።

ሬቨንስ ኳሱን ባገኘበት የመጀመሪያ ሙከራ ላማር ለማርክ ኢንግራም ሰጠው፤ ኢንግራም 49 ያርድ በረረ። ትንሽ ቆይቶም ራሱ ኢንግራም አገባት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም የጠበቀው ሬቨንስ ነው። ባለፈው ዓመት ሲሮጥ የከረመ ቡድን ነበርና፣ አሁንም ይሮጣል ተብሎ ነው የተጠበቀው።

ቀጥሎ የመጣውን ግን ማንም አልጠበቀውም። ማርኪስ ብራውን የሚባል አዲስ ሪሲቨር አለ። ቅጽል ስሙ ሆሊውድ ነው፤ የተወለደባት የፍሎሪዳ ከተማ ሆሊውድ ስለምትባል። በሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ እግሩ ግን እንደ ነፋስ። ላማር አየውና ወረወረለት። ልጁ ቀለብ አደረጋትና በተከላካዮቹ መሃል ሰንጥቆ ወጣ። 47 ያርድ፣ ተችዳውን።

ሬቨንስ ኳሱን መልሶ አገኘ። ያው ብራውን እንደገና ከተከላካዮቹ ኋላ አመለጠ። ላማር ረጅሟን ኳስ ለቀቃት። እኔ ያችን ኳስ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አልቆጠርኩም። ልጁ ሩጫውን አልቀነሰም፣ አልጠበቃትም፣ አልዘለለላትም። ኳሷ የምትወርድበትና እሱ የሚደርስበት ቦታ አንድ ሆነ። 83 ያርድ፣ ተችዳውን። በሊጉ የያዛቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኳሶች ሁለቱም ተችዳውን ሆኑ ማለት ነው።

ከዚያ ለዊሊ ስኒድ 33 ያርድ ወርውሮ ሦስተኛዋን አገባ። ያችኛዋ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ምክንያቱም ስኒድ ፈጣን አይደለም፤ አምልጦ የሚሄድ ሰው አይደለም። ኳሷን እሱ ብቻ በሚያገኛት ቦታ ማስቀመጥ የወርዋሪው ሥራ ነበር። አጎቴ ከሶፋው ብድግ አለና፣ «ይሄ ልጅ ሯጭ ነው አላላችሁኝም ነበር እንዴ?» አለን።

«እንደዚያ ይሉታል ጋሼ» አልኩት።

«ታዲያ መች ሮጠ?»

እውነቱን ነው። ላማር ያን ቀን የሮጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በድምሩ 6 ያርድ።

ላማር ያን ቀን አገኘ የሚሉት 158.3 ነጥብ ምንድን ነው? ለምን 100 አይሆንም?

ይህ ፓሰር ሬቲንግ ይባላል፤ ኳርተርባክ ምን ያህል ጥሩ እንደወረወረ የሚለካበት ነው። ሊጉ ከ1973 ጀምሮ ይጠቀምበታል። ጣሪያው 158.3 ነው። ከዚያ በላይ የለም።

አሠራሩ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ግን ቀስ ብለው ካዩት አይከብድም። አራት ነገር ይታያል፦ ከተወረወሩት ኳሶች ስንት በመቶው ተያዙ፣ በአንድ ውርወራ በአማካይ ስንት ያርድ ተገኘ፣ ስንት በመቶው ተችዳውን ሆነ፣ ስንት በመቶው በተጋጣሚ ተነጠቀ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2.375 ይሰጠዋል። አራቱም ሲሞሉ ድምሩ 9.5 ነው። ያንን ለ6 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፤ 158.3 ይመጣል። አባባሉ ከመቶ ስንት እንደማለት አይደለም። ስሌቱ በቀመረው ሰው አካሄድ የደረሰበት ጣሪያ ነው።

አሁን የላማርን ኳሶች እናስገባ። 20 ኳስ የወረወረ ሰው ጣሪያውን ለመንካት ቢያንስ 16 ኳስ ሊያዝለት፣ 250 ያርድ ሊያገኝ፣ 3 ተችዳውን ሊያስቆጥር ይገባል፤ አንድም ሊነጠቅ አይገባም። ላማር 17 ተያዘለት፣ 324 ያርድ አገኘ፣ 5 ተችዳውን አስቆጠረ፣ ምንም አልተነጠቀም። ጣሪያውን ነካ ብቻ ሳይሆን አልፎት ሄዷል፤ ስሌቱ ትርፉን አይቆጥርለትም እንጂ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓሰር ሬቲንግ ሩጫን አይጨምርም። ላማርን ታላቅ ያደርገዋል የሚባለው እግሩ ነው፤ ይህ ነጥብ ደግሞ እግሩን ጨርሶ አያየውም። በእጁ ብቻ ተመዝኖ ነው ጣሪያ የደረሰው።

ማያሚ ደካማ ስለነበረ አይደለም ወይ?

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በደንብ ልመልሰው።

አዎ፣ ማያሚ ደካማ ነበር። አዲስ አሰልጣኝ ይዞ ነበር። ጨዋታው ሊደረግ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ላረሚ ተንሲልንና ኬኒ ስቲልስን ለሂዩስተን ሸጧል። በቀጣዩ ሳምንት በኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ 43 ለ 0 ተሸነፈ። በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች 163 ነጥብ ተቆጥሮበት ያስቆጠረው 26 ነው። ዓመቱን በ5 ድልና በ11 ሽንፈት ጨረሰ። ይህን የሚክድ ደጋፊ ካለ ልክ አይደለም።

ግን ሦስት ነገር አለኝ።

የተሸጡት ሁለቱ የማጥቃት ሰዎች ናቸው። ተንሲል የራሱን ኳርተርባክ የሚጠብቅ ነበር፤ ላማርን የሚያስቆም ሰው አልነበረም። በመከላከሉ በኩል ዜቪየን ሃዋርድ ነበር። ሚንካ ፊትዝፓትሪክም ነበር። ሚንካ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ወደ ፒትስበርግ ተሸጦ በዚያው ዓመት በቦታው ከሊጉ ምርጦች ዝርዝር ገብቷል። ኳስ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም።

ሁለተኛው፦ ያንኑ ማያሚ በሳምንቱ የገጠመው የፓትሪዮትሱ ታላቅ ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ ነው።  ቡድኑ 43 ለ 0 ሲያሸንፍ እሱ የወረወረው ተችዳውን ሁለት ነው። ደካማ ተጋጣሚ ድል ይሰጣል፤ 5 ተችዳውንና 158.3 ግን በራሱ አይሰጥም።

ሦስተኛው ደግሞ አራት ዓመት ቆይቶ የመጣ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 2023 ያው ማያሚ ባልቲሞር መጣ። ያኔ 11 አሸንፎ 4 ብቻ የተሸነፈ፣ በዚያው ዓመት ዴንቨርን 70 ለ 20 የረመረመ አስፈሪ ቡድን ነበር። ላማር 21 ወረወረ፣ 18 ተያዙለት፣ 321 ያርድ፣ 5 ተችዳውን። ነጥቡ እንደገና 158.3። ውጤቱ 56 ለ 19። ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ የላማር ቁጥሮች መንታ ናቸው። በአንዱ ተጋጣሚው ደካማ፣ በሌላው ጠንካራ። «ማያሚ ደካማ ነበር» የሚለው ክርክር ለእኔ ያን ምሽት አበቃ።

ላማር «ለራኒንግ ባክ መጥፎ አይደለም» ያለው ለምንድን ነው?

ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ከበውት ሳለ ነው ይህችን ያላት። አጭር ናት፤ ውስጧ ግን ብዙ ነገር አለ።

ላማር በ2016 በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ሳለ የኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን ሽልማት፣ የሃይስማንን ዋንጫ ወስዷል። እንዲያም ሆኖ በ2018 ወደ ሊጉ ሲመጣ «ይሄ ልጅ ኳርተርባክ አይሆንም» ተባለ። ብዙ ቡድን ያስተዳደሩት ቢል ፖሊያን ሪሲቨር ቢሆን ይሻለዋል ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ቀን አራት ኳርተርባኮች ከፊቱ ተመረጡ። እሱን በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ፣ 32ኛ አድርጎ ነው ሬቨንስ ያነሳው። ከአራቱ አንዱ፣ 10ኛ የተመረጠው ጆሽ ሮዘን፣ በዚያች እሑድ የማያሚን ማሊያ ለብሶ ተጠባባቂ ላይ ነበር። በአራተኛው ሩብ ሲገባ ጨዋታው ካለቀ ቆይቷል።

በመጀመሪያ ዓመቱ ላማር 147 ጊዜ ሮጠ። ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አበቃ፤ ግን በቻርጀርስ 23 ለ 17 ተሸነፉ። ያን ቀን ባልቲሞር ስታዲየም ውስጥ የራሳችን ሰው ጮኸበት። ይህን መናገር አልወድም፤ ግን ሆኗል። በጋውን በሙሉ «መሮጥ እንጂ መወርወር አይችልም» ሲባል ከረመ።

የጥቁር ኳርተርባኮችን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ ወሬ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃል። «ፈጣን ነህ፣ ቦታህን ቀይር» የተባሉ ብዙ ናቸው። ዋረን ሙን በ1978 ከኮሌጅ ሲወጣ የመረጠው ቡድን አልነበረም። ኳርተርባክ ሆኖ ለመቅረት ካናዳ ሄዶ ለኤድመንተን ተጫወተ፤ እዚያ አምስት ዋንጫ በተከታታይ በላ። በ2006 የሊጉ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በኳርተርባክነት የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኖ።

እና ላማር ያችን ቃል ሲናገር ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ፈገግ አለ። በጋውን ሙሉ የዋጠውን በአንዲት ዓረፍተ ነገር መለሰ። ፖሊያንም በዚያው ዓመት ተሳስቻለሁ ብለው አምነዋል። ያንን ማለታቸውን አከብራለሁ።

አሸንፈው ሳለ ለምን ቀጠሉ? ማዋረድ አይደለም?

በመጀመሪያው አጋማሽ ሬቨንስ በሰፊው እየመራ ሳለ ኳሱን በእግሩ መትቶ ለተጋጣሚ መስጠት ሲገባው የሬቨንሱ አንቶኒ ሌቪን ይዞት 60 ያርድ ሮጠ። ማታለያ ነበር። የማያሚ ደጋፊዎች በዚህ ከፍቷቸዋል፤ እረዳቸዋለሁ።

እኔ ግን ጥፋት አላይበትም። ገና የመጀመሪያው አጋማሽ ነው፤ ተጋጣሚም እንዲህ ያለውን የመከላከል ሥራው ነው። በኋላ አሰልጣኝ ጆን ሃርቦ ላማርን አስወጥተው ሮበርት ግሪፈንን አስገቡ። የመጨረሻዋን ተችዳውን የወረወረው ግሪፈን ነው። ማዋረድ ቢፈልጉ ኖሮ ላማርን እስከ መጨረሻው ያቆዩት ነበር። ልጁ ስድስተኛና ሰባተኛ ተችዳውን ለመጨመር ጊዜ ነበረው።

ሙገሳው ሁሉ ለእሱ ብቻ ነው?

አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ሬቨንስ ያን ቀን 643 ያርድ ሄደ፤ በክለቡ ታሪክ ትልቁ ነው። 59 ነጥቡም እንዲሁ። ይህን አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ኢንግራም 107 ያርድ ሮጦ 2 ተችዳውን አገባ። ማርክ አንድሩስ 8 ኳስ ይዞ 108 ያርድ አስኬደ። ብራውን በ4 ኳስ ብቻ 147።

ስማቸው የማይጠራው ግን ላማርን ለመጠበቅ ከፊቱ የቆሙት አምስቱ ናቸው። ጨዋታውን መልሳችሁ ካያችሁ ላማርን ለአፍታ ተዉትና እነሱን እዩ። ላማር ረጅሙን ኳስ ሲለቅ በዙሪያው ያለው ቦታ ሰፊ ሳሎን ያክላል። ያንን ሳሎን የሠሩት እነሱ ናቸው።

ቤተሰቡስ? ማን አሳደገው?

ይህን መጀመሪያ የጠየቀችው የአጎቴ ባለቤት ናት። «ይሄ ልጅ እናት አለችው?» አለች፣ ስኒዎቹን እየሰበሰበች።

አለችው። ፌሊሺያ ጆንስ ትባላለች። አባቱን ገና በልጅነቱ አጥቶ ፖምፓኖ ቢች፣ ፍሎሪዳ ውስጥ እሷ ናት ያሳደገችው። ሥራውንም የምትመራለት እሷ ናት። ወኪል አልቀጠረም። በ2023 የ5 ዓመት፣ የ260 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው በዚሁ መንገድ ነው። ያች እሑድ ማያሚ ላይ የተጫወተው ደግሞ ካደገበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ነው።

ከዚያ ጨዋታ በኋላ ምን ሆነ?

ያ ዓመት የላማር ዓመት ሆነ። በአራት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሸነፉ፤ ከዚያ 12 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። 14 ድል፣ 2 ሽንፈት። ላማር 36 ተችዳውን ወርውሮ ሊጉን መራ። በእግሩም 1,206 ያርድ ሄደ። ያኔ የኳርተርባክ ክብረ ወሰን ሲሆን፣ ማይክል ቪክ በ2006 ያስመዘገበውን አልፎ ነው። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሲመረጥ 50 መራጮች 50ውም ለእሱ ድምፅ ሰጡ። ከእሱ በፊት እንዲህ ያገኘ ብሬዲ ብቻ ነው።

መጨረሻው ግን አላማረም። በእኛ ገና ሰሞን፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2020 ቅዳሜ ማታ፣ ቴነሲ ታይታንስ ባልቲሞር መጥቶ 28 ለ 12 አሸነፈ። ላማር ያን ምሽት 59 ኳስ ወረወረ። መስከረም ሊጠባ ሲል በ20 ኳስ 59 ነጥብ፤ በገና ሰሞን በ59 ኳስ 12 ነጥብ። እኛ ደጋፊዎች ሁለቱንም ቁጥር እንሸከማለን።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ደግሟል?

ደግሟል። በዚያው 2019 ኖቬምበር ላይ ሲንሲናቲን 49 ለ 13 ሲያሸንፉ፣ በ2023 ማያሚን፣ በ2024 ዴንቨርን 41 ለ 10። ከመጀመሪያው ጋር በአራቱም 158.3። ጥሎ ማለፉ ሳይቆጠር በሊጉ ታሪክ አራት ጊዜ ለመድረስ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ሆኜ በስንት ሰዓት አያለሁ?

እዚህ እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ በመስከረምና በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ ማታ 2 ሰዓት ነው። ኖቬምበር ላይ አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ ማታ 3 ሰዓት ይሆናል።

ሀበሻ ከሬቨንስ ጋር ምን አገናኘው?

መኖሪያ ነው ያገናኘን። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ከአገር ውጭ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር መንገዱ ካልተጨናነቀ ሰዓት አይሞላም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ወይንጠጅ ማሊያ ለብሰው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ስለ ላማር ያወሩናል። ብዙ ወላጅ ደጋፊ የሆነው በልጁ በኩል ነው።

የአጎቴ ልጅ በ2019 ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሑድ ዕለት ከጨዋታው በኋላ ጓሮ ወጥቶ ለአባቱ ኳስ ሲወረውር አመሸ። አጎቴ በሕይወቱ ያችን ሞላላ ኳስ ይዞ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ደረቱን መታችው፣ ከዚያ ጣቱን። ሲመሽ ግን አንዷን ቀለብ አደረጋት። ልጁ «አባዬ፣ ተችዳውን!» ብሎ ጮኸ። ጎረቤት መብራት አበራ።

ጨዋታውን አሁን ባየው ምን ላይ ላተኩር?

ሙሉውን ጊዜ ከሌላችሁ የመጀመሪያውን ሩብ እዩ። በተለይ የ83 ያርዷን ኳስ በዝግታ ተመልከቷት። ላማር ኳሱን ሲለቅ ብራውን ገና ቦታው አልደረሰም። ወርዋሪው ባዶ ሣር ላይ ነው የወረወረው። ኳሷ አየር ላይ ሳለች ካሜራው ልጁን ለመፈለግ ይዞራል፤ ሲያገኘው ኳሷ እጁ ላይ ናት።